ከገለባው ጋር የሚወጣው ማሽላ
ለውርጌሳና ለአካባቢው አርሶ አደሮች የተዘጋጀ ምክር

በአርሲና በባሌ ሜዳ ኮምባይነር ስንዴውን አጭዶና ወቅቶ ይወጣል። የእኛ ማሽላ ግን አገዳው ረጅም ነው፤ አገዳው ደግሞ የከብት መኖ፣ ማገዶና አጥር ስለሆነ ማንም በማሽን እንዲደቅበት አይፈልግም። ስለዚህ እዚህ የምንመክረው ዛላው በማጭድ ከተቆረጠ በኋላ አውድማ ላይ ስለሚቆመው መውቂያ ማሽን ነው።

ዋናው ብክነት በገለባው መውጫ በኩል ነው፤ ገለባው ስለሚሸፍነው ዓይን አያየውም። ማሽኑ ከመነሣቱ በፊት በዚያ በኩል ሰፊ ሸራ አንጥፉ። 2 ኩንታል ከተወቃ በኋላ አስቁሙና ሸራው ላይ ያለውን ገለባ በሰፌድ አበጥሩ። 2 ኪሎ ፍሬ ከወጣው ከመቶ አንድ ያህል እየጠፋ ነው፤ ይህን መታገሥ ይቻላል። 6 ኪሎ ከሆነ ግን ሳይስተካከል አይቀጥል። በዚህ መጠን 20 ኩንታል ለሚያስወቃ ሰው ጥፋቱ 60 ኪሎ ነው፣ የስንት ቀን እንጀራ!

ምክንያቱን ራሱ ፍሬው ይናገራል። ንጹሕ ፍሬ ከገለባው ጋር ከተገኘ የማራገቢያው ነፋስ በርትቷል፣ ወይም ዛላው በብዛት እየተጎረሰ ነው። ፍሬው ከዛላው ሳይለቅ ከወጣ ዛላው አልደረቀም፣ አለዚያም የማሽኑ መውቂያ ከበሮ ቀስ ብሎ ይዞራል። ስባሪ ከበዛ ከበሮው ፈጥኗል፤ ስባሪ ደግሞ ነቀዝ ይጠራል። ከአገር ዝርያ ወደ ስሪንቃ ግብርና ምርምር ማዕከል ዝርያ፣ ለምሳሌ ወደ ግራና 1 ስታልፉም ሸራውን እንደገና አንጥፉ፤ የፍሬው መጠን ሊለያይ ይችላል።

ኦፕሬተሩ በኩንታል የሚከፈለው ከሆነ መቸኮሉ አይቀርም። ዋጋ ስትነጋገሩ «በሸራ እንለካለን፤ ከበዛ ታስተካክላለህ» ብላችሁ አስቀድማችሁ ተስማሙ። ይህን መጠየቅ ማስቸገር አይደለም፤ የምትጠብቁት የዓመት ልፋታችሁን ነው።

ከመወቃቱ በፊት የፍሬውን ድርቀት በጨው መፈተን ይቻላል። ደረቅ ጨውና ጥቂት ፍሬ በደረቅ ጠርሙስ ከታችሁ ለ10 ደቂቃ ያህል ናጡ። ጨው ከጠርሙሱ ከተጣበቀ እርጥበቱ ከ15 በመቶ በላይ ነው፤ ዛላው ፀሐይ ይጨመርለት። ባይጣበቅም ወደ ጎተራ ከመግባቱ በፊት በጥርስ ሲነከስ ቀጭ ብሎ እስኪሰበር ፍሬውን አስጡት። ይድረቅ ተብሎ ማሳ ላይ ብዙ ማቆየት ግን ለወፍ፣ ለምስጥና ለአይጥ መተው ነው።

ማሽኑን የሚያጎርስ ሰው ነጠላና ፎጣውን አውልቆ ይቅረብ፤ ልጆችም ይራቁ። ለዘር የመረጣችሁትን ዛላ ለብቻው አስቀምጣችሁ በዱላ ቀስ ብላችሁ ውቁት፤ በከበሮ የተሰነጠቀ ፍሬ ሲዘራ ጥሩ አይበቅልም።