ጆሮና ዘመን

ከመካነ ሰላም ከተማ ራቅ ብሎ ባለ መንደር አንድ እረኛ ልጅ ነበረ። ከብት ሲጠብቅ ከሸምበቆ የተሠራ፥ አራት ቀዳዳ ያለው ዋሽንት ይነፋ ነበር፤ ዜማውንም ከአያቱ እንጉርጉሮ ለምዶት ነበር። ለትምህርት ወደ ከተማ በገባ ጊዜ ግን ጓደኞቹ በስልክ አዲስ ዘፈን ሲሰሙ አገኛቸው። እነርሱም ዋሽንቱን አይተው «የባላገር ነገር» ብለው ሳቁበት። ልጁም አፍሮ ዋሽንቱን ከመኝታው ሥር ደበቀ። የወደዱትን ወደድሁ፥ የጠሉትንም ጠላሁ አለ፤ ልቡ ግን አልተለወጠም።

ለበዓል ወደ ቤቱ በተመለሰ ጊዜ አያቱ «ዋሽንትህ ወዴት አለ?» ብለው ጠየቁት። ልጁም አንገቱን ደፍቶ ዝም አለ። አያቱም ነገሩን ተረድተው «ልጄ ሆይ፥ እኔም በልጅነቴ መሰንቆ መማር እወድ ነበር። ነገር ግን በዚያን ጊዜ አዝማሪ ይናቅ ነበርና ዘመዶቼ ከለከሉኝ። የሰውን አፍ ፈርቼ ተውሁት፤ እስከ ዛሬም ይቆጨኛል» አሉት።

ልጁም «አባባ፥ እርስዎስ አዲሱን ዘፈን ስለምን ይጠላሉ?» አላቸው። «ጩኸት ነውና» ብለው መለሱ። ልጁ ግን አንዱን ዘፈን አሰማቸው። ሽማግሌው ጥቂት ካደመጡ በኋላ ፈገግ ብለው «ይህስ ባቲ ነው! ልብሱን ለወጠ እንጂ አውቀዋለሁ» አሉ።

የታወቁት የአገራችን የዘፈን ቅኝቶች አራት ናቸው፤ እነርሱም ትዝታ፥ ባቲ፥ አምባሰልና አንቺ ሆዬ ይባላሉ። ባቲና አምባሰል በወሎ የሚገኙ አገሮች ስም ነው። መሣሪያው ግን ከዘመን ጋራ ይለወጣል። በ1916 ዓ.ም. ራስ ተፈሪ ወላጆቻቸው የሞቱባቸውን አርባ የአርመን ልጆች ከኢየሩሳሌም ወደ አዲስ አበባ አስመጡ፤ እነርሱም በነሐስ መለከት የሚጫወቱ የሙዚቃ ጓድ ሆኑ። ያን ጊዜ እንግዳ የነበረው የመለከት ድምፅ ዛሬ የሽማግሌዎች ትዝታ ሆኗል።

ሰው በወጣትነቱ የሰማውን ዜማ አይረሳም፤ ከዜማው ጋራ ወጣትነቱ ይታወሰዋልና። ወጣትም ከጓደኞቹ ላለመለየት ሲል እነርሱ የሚወዱትን ይወዳል። ስለዚህ ሽማግሌ ሳያደምጥ አይንቀፍ፤ ልጅም ሳቅን ፈርቶ የሚወደውን አይደብቅ።

ልጁም ዋሽንቱን ይዞ ወደ ትምህርት ቤት ተመለሰ። ደግመው የሳቁበት ነበሩ፤ አንዱ ግን ቀረብ ብሎ «እኔንም አስተምረኝ» አለው።