ዕድሜው የገፋ፣ አያያዙ ያማረ ሞተርሳይክል

ጥያቄ፦ የምኖረው ፍራንክፈርት ነው። አንድ ጡረተኛ ጎረቤቴ እ.ኤ.አ. የ1993 ሆንዳ ኤስቲ 1100 ሊሸጡልኝ ነው። 60 ሺህ ኪሎ ሜትር ሄዷል፤ ንጹሕ ነው። በዚህ ዕድሜው ለረጅም ጉዞ ይታመናል?

መልስ፦ ኤስቲ 1100 እ.ኤ.አ. ከ1990 ጀምሮ ለረጅም ጉዞ ታስቦ የተሠራ ነው። ባለ አራት ሲሊንደሩ 1,084 ሲሲ ሞተር በጥንካሬው የታወቀ ሲሆን፣ ኃይሉ ወደ ኋላ ጎማ የሚተላለፈው በካቴና ሳይሆን በዘንግ ነው። ሳልባትዮው 28 ሊትር ይይዛል። ለዚህ ሞተር 60 ሺህ ኪሎ ሜትር ብዙ አይደለም።

ይልቅ የሚያሳስበው ለረጅም ጊዜ መቆሙ ነው። የከረመ ቤንዚን ካርቡሬተሩን ይደፍናል፤ የፍሬን ዘይት እርጥበት ይስባል፤ ጎማም ጥርሱ ሳያልቅ ይደርቃል። በጎማው ጎን የሚታተሙት 4 አኃዞች የተመረተበትን ሳምንትና ዓመት ይናገራሉ፦ 2312 ማለት የ2012 23ኛው ሳምንት ነው። እንዲህ ያለው ጎማ ምንም ቢያምር ይቀየራል።

የቀደሙት ሞዴሎች ደካማ ጎን 28 አምፔር ዲናሟቸው ነው። ሞተሩ እየሠራ ባትሪው ላይ 14 ቮልት ገደማ መለካት አለበት። ሞተሩን ሳይሞቅ ማስነሳትም ይመረጣል፤ ሻጩ አስቀድሞ ካሞቀው አስቸጋሪ አነሳሱ ሊደበቅ ይችላል። የጥገና ደረሰኝ ከንጽሕናው ይልቅ ይታመናል።

ፍሬኑን፣ የፊት ሾክ ዘይት መፍሰስንና የሞተሩን የውስጥ ቺንጊያ ግን ፈቃድ ያለው መካኒክ ከክፍያው በፊት ቢያያቸው ይሻላል። ክብደቱ ከ300 ኪሎ ግራም ስለሚያልፍ፣ የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ያለ ዕቃ በአጫጭር መንገዶች መለማመድ ጉዞውን አስደሳች ያደርገዋል። ደረሰኙ ከተሟላና ዲናሞው ጤነኛ ከሆነ ቢገዙት አይከፋም።