ከስካር የተመለሰ ሰው በደሉን እንዴት ይካስ?

ከመጠጥ ሱስ የተላቀቀ ሰው ሁለት ዕዳ ይቀርበታል። አንደኛው በእግዚአብሔር ፊት ያለበት ሲሆን በንስሐና በቀኖና ይፈታል። ሁለተኛው በሰው ዘንድ ያለበት ነው፤ ይኸውም ያልመለሰው ብድር፥ የሰደበው ጎረቤት፥ የደበደባት ሚስቱ፥ የራቡ ልጆቹ ናቸው። ስለ ሁለተኛው ጥቂት ልንናገር ወደድን፤ በመልካም አሳብ የተጀመረ ካሳ አዲስ ጕዳት ሲያመጣ ይታያልና።

የካሳ ሥርዓት ጥንታዊ ነው። በኦሪት ዘኍልቍ ምዕራፍ 5 እንደ ተጻፈው በደለኛው ከተናዘዘ በኋላ የወሰደውን ይመልሳል፥ አምስተኛውንም እጅ ይጨምራል። ካሳውን የሚቀበል ዘመድ ባይገኝ እንኳ ለካህኑ ይሰጣል እንጂ አይቀርም። ዘኬዎስም አራት እጥፍ እመልሳለሁ አለ። ነገር ግን ዘኬዎስ ባለጸጋ ነበረ፤ ሰካር የነበረ ድኻ ግን የልጆቹን እህል ሸጦ ዕዳ ቢከፍል በበደል ላይ በደል ጨመረ እንጂ አልካሰም።

በ1935 ዓ.ም. (እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር) በአሜሪካ፥ በኦሃዮ ግዛት፥ በአክረን ከተማ ቢል ዊልሰንና ዶክተር ቦብ ስሚዝ የተባሉ ሁለት ሰዎች አልኮሆሊክስ አኖኒመስ የተባለውን ማኅበር መሠረቱ። በ1939 ባወጡት መጽሐፍ ከዐሥራ ሁለቱ ደረጃዎች ስምንተኛው የተበደሉትን ሰዎች መዘርዘር፥ ዘጠነኛው ደግሞ መካስ ነው፤ ካሳው ያንን ሰው ወይም ሌላውን የሚጎዳ ከሆነ ግን ይቅር ይላሉ። ማኅበሩ ምስጢረ ንስሐን አይተካም፤ ይሁን እንጂ ይህን ገደብ ያኖሩት የመጠጥን መከራ የቀመሱ ናቸውና ልንሰማቸው ይገባናል። ካሳውንም በመጀመሪያው ደረጃ ሳይሆን በዘጠነኛው ማኖራቸውን እናስተውል።

በእኛ ዘንድ የሚያሰጋው ችኰላ ነው። ሰውዬው መጠጥ በተወ በሦስተኛው ሳምንት ሽማግሌ ሰብስቦ፥ ድንጋይ ተሸክሞ ከሚስቱ ወላጆች ደጅ ይወድቃል። እርስዋም በካህንና በሽማግሌ ፊት እምቢ ማለት ነውር ሆኖባት እሺ ትላለች። ይህ ዕርቅ ነውን? እኛስ ግዴታ ነው እንላለን። ይቅር ማለትና ወደ አንድ ቤት መመለስ ሁለት ነገሮች ናቸው። የተደበደበችና ለሕይወቷ የምትፈራ ሴት በድንገት ፊቷ ሊቆምባት አይገባም። አስቀድሞ የምታምነው ሰው ፈቃዷን ይጠይቅ፤ አትምጣ ካለች አለመሄዱ ካሳው ይሁን፤ የልጆቹን ቀለብ ግን በየወሩ በሌላ ሰው እጅ ይላክ።

የሰውን ትዳር የሚያፈርስ ምስጢርም በአደባባይ አይነገርም፤ ለዚህ የንስሐ አባት አለ።

የመጠጥ ቤት ዕዳ ያለበት ሰው ራሱ ሊከፍል አይሂድ፤ ሽታው ብቻ ሊመልሰው ይችላል። ዕርቅ በጠላና በጠጅ ማጽናትም የቈየ ልማዳችን ነውና ሽማግሌዎች ይጠንቀቁ፤ በዕርቁ ማዕድ ለሁሉም ውኃ ወይም ያልፈላ ብርዝ ይቅረብ። ለብዙ ዘመን አብዝቶ የጠጣ ሰው ደግሞ በአንድ ጊዜ ሲያቆም መንቀጥቀጥ፥ ቅዠትና ለሞት የሚያደርስ የሚጥል ሕመም ሊያገኘው ስለሚችል ከሁሉ አስቀድሞ ሐኪም ይየው።

የንስሐ አባትም የተበደሉትን ስም ከልጁ ጋር አንድ በአንድ ይመርምር፤ አሁን የሚካሰውን፥ የሚቈየውንና ከቶ የማይቀረበውን ይለይለት። ከማይቀረበው ሰው የተወሰደው ገንዘብ በሦስተኛ ሰው እጅ ይላክለት።