ቀና ብሎ መቆም፦ ፍሎ ሃይማን በመረብ ኳስ ያደገችው እድገት

በብዙዎቻችን ቤት «አንገቷን የደፋች ልጅ» ማለት ትልቅ ምስጋና ነው። ጨዋ፣ ሰው አክባሪና ዝምተኛ ማለታችን ነው። ምስጋናው መልካም ጎን አለው። ነገር ግን ክፍል ውስጥ እጇን አውጥታ ለመናገር ለምትቸገር ተማሪ ሸክም ሊሆንም ይችላል። ስፖርት፣ በተለይ መረብ ኳስ፣ ይህን ሸክም እንዴት እንደሚያቀል የፍሎራ ጂን ሃይማን ሕይወት ጥሩ ትምህርት ይሰጠናል። በስፖርቱ ዓለም የምትታወቀው ፍሎ ሃይማን በሚለው አጭር ስሟ ነው።

ጨዋታው ራሱ የሚያስተምረው

መረብ ኳስን እ.ኤ.አ. በ1895 በማሳቹሴትስ ግዛት በሆሊዮክ ከተማ የፈጠረው ዊልያም ሞርጋን የተባለ የስፖርት መምህር ነው። በእያንዳንዱ ወገን 6 ተጫዋቾች ይሰለፋሉ። ቡድኑ ኳሷን ወደ ተቃራኒው ሜዳ ለመመለስ ያለው 3 ንክኪ ብቻ ነው። ኳሷን ይዞ መቆየት ክልክል ነው፤ መረቡ ላይ ለመከላከል ካልተዘለለ በቀር አንድ ተጫዋች በተከታታይ ሁለት ጊዜ መንካትም አይችልም።

በእግር ኳስ አንድ ጎበዝ ሦስት አራት ሰው አልፎ ብቻውን ሊያገባ ይችላል። በመረብ ኳስ ግን አንዷ ካልተቀበለች፣ ሌላዋ ካላመቻቸች፣ መቺዋ ምንም ብትዘል ዋጋ የለውም። በዚያ ላይ ቡድኑ ሰርቭ ከተቃራኒው በወሰደ ቁጥር ተጫዋቾቹ በሰዓት አቅጣጫ አንድ አንድ ቦታ ይዘዋወራሉ። አሁን ከመረቡ ሥር ሆና የምትመታዋ ትንሽ ቆይታ ከኋላ ሆና ትቀበላለች ማለት ነው። ዛሬ ሊቤሮ የምትባል ለመከላከል ብቻ የምትገባ ተጫዋች አለች። በፍሎ ዘመን ግን ይህ ደንብ ስላልነበረ ረጅሟም አጭሯም ሁሉንም ሥራ መልመድ ነበረባት።

በቁመቷ የምታፍር ልጅ

ፍሎ እ.ኤ.አ. በ1954 ተወልዳ ያደገችው በካሊፎርኒያ፣ ሎስ አንጀለስ አጠገብ ባለችው ኢንግልዉድ ነው። አባቷ በባቡር ድርጅት የጽዳት ሠራተኛ ነበሩ፤ እናቷ ደግሞ ካፌ ነበራቸው። በ12 ዓመቷ ቁመቷ ከ1 ሜትር ከ80 አልፎ ነበር፤ ኋላም 1 ሜትር ከ96 ደረሰች። እኛ ዘንድ «ቀውላላ» እንደሚባለው እሷንም እኩዮቿ ይቀልዱባት ነበር። በቁመቷ ታፍር ነበር። ቁመቷ የሚያኮራ እንጂ የሚያሳፍር እንዳልሆነ የነገሯት ቤተሰቦቿና ጓደኞቿ ናቸው። ምክሩን በተግባር ያየችው ግን መረብ ኳስ ስትጀምር ነው። መንገድ ላይ የሚያስቀልድባት ቁመት ሜዳ ላይ ቡድኑ የሚፈልገው ሀብት ሆነ።

በጨዋታዋ የሂዩስተን ዩኒቨርሲቲ ነፃ የትምህርት ዕድል ሰጣት፤ በዚያ ዩኒቨርሲቲ በስፖርት ይህን ዕድል ያገኘች የመጀመሪያዋ ሴት ናት። የመጨረሻ ዓመቷን ሳትጨርስ ግን ወደ ብሔራዊ ቡድኑ ሄደች። ይህ ለኛ ወላጆች የሚዋጥ ውሳኔ ላይሆን ይችላል፤ ቆም ብለን ልንወያይበትም ይገባል።

መሬት ላይ መውደቅን መማር

በብሔራዊ ቡድኑ አሠልጣኟ አሪ ሴሊንገር ነበሩ። ፍሎ በኃይል በመምታት ተወዳዳሪ አልነበራትም። ችግሯ ዝቅ ብላ ኳስ ለማንሳት መሬት ላይ መወርወርን መፍራቷ ነበር። ፍርሃቷን እስክታሸንፍ ድረስ ለቡድኑ ሙሉ ተጫዋች ልትሆን አልቻለችም። እድገቷ በደንብ የሚታየው እዚህ ላይ ይመስለናል። በተፈጥሮ የተሰጣትን ማሳየት አንድ ነገር ነው፤ ማንም በማያጨበጭብበት ሥራ፣ ወለል ላይ ወድቃ ለጓደኛዋ ኳስ ማትረፍ ደግሞ ሌላ ነው።

ትዕግሥትም ተፈተነ። ቡድኑ ለ1976ቱ ኦሎምፒክ ማለፍ አልቻለም። ለ1980ው ቢያልፍም ሶቪየት ኅብረት አፍጋኒስታንን በመውረሯ አሜሪካ ከሞስኮ ቀረች። የኛው ምሩፅ ይፍጠር በ5 ሺህና በ10 ሺህ ሜትር ሁለት ወርቅ ባገኘበት ኦሎምፒክ የፍሎ ቡድን አልነበረም። በ1984 ነገሩ ተገለባበጠ፤ ኢትዮጵያ ከሶቪየት ወገን ሆና ስትቀር ፍሎ በ30 ዓመቷ፣ ካደገችበት ሠፈር ብዙ ሳትርቅ ተጫወተች። በፍጻሜው በቻይና ተሸንፈው የብር ሜዳልያ አገኙ። በመረብ ኳስ ለአሜሪካ ሴቶች የመጀመሪያው የኦሎምፒክ ሜዳልያ ነበር።

ለሌሎች መናገር

ፍሎ ከዚያ በኋላ ድምፅዋን ለሌሎች አዋለችው። በትምህርት ቤት በፆታ ማበላለጥን የሚከለክለውና «ታይትል ናይን» የሚባለው የ1972ቱ ሕግ በ1984 በጠቅላይ ፍርድ ቤት ውሳኔ ተሸርሽሮ ነበር። ኃይሉ እንዲመለስ ከታገሉት ስፖርተኞች አንዷ እሷ ናት። የሚመልሰው ሕግ በ1988 ሲጸድቅ ግን በሕይወት አልነበረችም።

ጃንዋሪ 24 ቀን 1986 በጃፓን ማትሱዬ ከተማ በጨዋታ መካከል ተቀይራ ወጥታ እንደተቀመጠች ወደቀች፤ ሞተችም። ዕድሜዋ 31 ነበር። ምክንያቱ ማርፋን የሚባል፣ በዘር የሚተላለፍና ከልብ የሚወጣውን ትልቁን የደም ሥር የሚያሳሳ ሕመም ነበር። በሕይወት ሳለች አልታወቀላትም። እሷ ከሞተች በኋላ ወንድሟ ተመርምሮ ተመሳሳይ ችግር ስለተገኘበት በቀዶ ሕክምና ዳነ። በጣም ረጅም፣ ቀጭንና ጣተ ረጅም የሆናችሁ፣ ወይም በቤተሰባችሁ በወጣትነቱ በድንገት የሞተ ካለ፣ ለሐኪም ንገሩ። የልብ አልትራሳውንድ ሊያሳየው ይችላል።

ከ1987 ጀምሮ አሜሪካ በየዓመቱ የልጃገረዶችና የሴቶች ስፖርት ቀንን ታከብራለች። ቀኑ የተጀመረው ለእሷ መታሰቢያ ነው።

ለእኛ ምን ይላል?

ሁላችንም ለኦሎምፒክ አንጫወትም። በኮሌጃችን ጂም በሳምንት አንድ ቀን የሚጫወት ቡድን ግን ሁሉም ቦታ ሊቋቋም ይችላል። መረብ ኳስ የሚጠይቀው «የኔ!» ብሎ ጮክ ብሎ መጥራትን ነው። ዝም ያለች ከጓደኛዋ ጋር ትጋጫለች፣ ወይም ኳሷ በመካከላቸው ትወድቃለች። ሰው ማክበርና ድምፅ ማሰማት እንደማይጣሉ አንዲት እህት እዚያ ሜዳ ላይ ልትማር ትችላለች። የተማረችውን ደግሞ ወደ ክፍል፣ ወደ ሥራና ወደ ቤት ይዛው ትገባለች።

ለውይይት የሚሆኑ ጥያቄዎች

1. በልጅነታችን ያፈርንበት፣ ዛሬ ግን የሚጠቅመን ነገር ምንድን ነው?
2. ፍሎ ትምህርቷን አቋርጣ ብሔራዊ ቡድን መግባቷን እንዴት ታዩታላችሁ? ወላጆቻችሁስ ምን ይሉ ነበር?
3. «አንገቷን የደፋች» የሚለውን ምስጋና ለልጆቻችን እናስተላልፍ? ከሆነስ ምን ብለን እናስረዳቸው?