ስውር ግልባጭ በጅምላ ኢሜይል፦ ጥቅሙና ወሰኑ

ኢሜይል የተቀባይ አድራሻ የሚጻፍባቸው ሦስት ቦታዎች አሉት፤ እነዚህም «ለ»፣ «ግልባጭ» እና በተለምዶ ቢሲሲ የሚባለው «ስውር ግልባጭ» ናቸው። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቦታዎች የተጻፈ አድራሻ ለተቀባዮች ሁሉ ይታያል። በስውር ግልባጭ የገባ አድራሻ ግን ለማድረሻነት ብቻ ያገለግላል፤ ሌሎች ተቀባዮች አያዩትም።

የልዩነቱ ክብደት እ.ኤ.አ. በመስከረም 2021 በጉልህ ታይቷል። ታሊባን ካቡልን ከያዘ ከአንድ ወር በኋላ የብሪታንያ መከላከያ ሚኒስቴር ከአገር ለመውጣት ብቁ ለሆኑ አፍጋናውያን ኢሜይል ሲልክ፣ የ245 ሰዎችን አድራሻ «ለ» በሚለው ቦታ አስገባ። ሁለት ተቀባዮች ለሁሉም መለሱ፤ አንደኛው ያለበትን ስፍራ ጭምር ገለጸ። የአገሪቱ የመረጃ ኮሚሽነር ይህንና መሰል ስሕተቶችን መርምሮ በ2023 ሚኒስቴሩን 350,000 ፓውንድ ቀጣ።

በዚህ ጉዳይ የሰዎቹን ሕይወት ለአደጋ ያጋለጠው የመልእክቱ ይዘት ሳይሆን የተቀባዮቹ ዝርዝር ነው። ስለሆነም ለተራ የስብሰባ ጥሪ ስውር ግልባጭ በቂ ነው። በዝርዝሩ መገኘት ራሱ ምስጢር ሲሆን ግን፣ ለምሳሌ ለሕሙማን ወይም ለጥናት ተሳታፊዎች ሲጻፍ፣ በላኪው የአፍታ መዘናጋት የሚፈርስ ጥበቃ አያስተማምንም፤ ለእያንዳንዱ በተናጠል የሚልክ ሥርዓት ይመረጣል። በኢትዮጵያም የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ፣ የተሳታፊዎችን አድራሻ የሚይዝ ተመራማሪ ጥንቃቄው ከጨዋነት አልፎ የሕግ ግዴታ መሆኑን ሊገነዘብ ይገባል።