ተነቃይ ገመድ ለሥራ ክፍሎቻችን
የኤሌክትሪክ መሣሪያዎችን ዕድሜ ስለ ማራዘምና አደጋን ስለ መቀነስ ለሰበካ ጉባኤያትና ለልማት ኮሚቴዎች የቀረበ ትምህርት

የእንጨትና የብረታ ብረት ሥራ ክፍል ያላቸው አጥቢያዎች ዓመታዊ የንብረት ቆጠራ ሲያደርጉ፣ «ከአገልግሎት ውጪ» ተብለው በተመዘገቡ ግራይንደሮችና መሰርሰሪያዎች ላይ አንድ ነገር ሊያስተውሉ ይገባል። ከእነዚህ መካከል ሞተራቸው ጤነኛ ሆኖ ገመዳቸው ብቻ የተበላሸ ጥቂቶች አይደሉም። ገመድ ከመሣሪያው ክፍሎች ሁሉ ቀድሞ የሚያረጅ ነው። ወደ ማሽኑ በሚገባበት አንገት ላይ በየቀኑ ይታጠፋል፤ በወለል ይጎተታል፤ የብረት ፍንጣሪ ያርፍበታል፤ እንደ ድሬዳዋ ባለ ሞቃት አገር ደግሞ ፀሐይ ሽፋኑን አድርቃ ትሰነጥቀዋለች። በናስትሮ ተጠቅልሎ ሥራው ከቀጠለ ለሠራተኛው ሞት ሊያመጣ ይችላል። ተጠቅልሎ መጋዘን ከገባ ደግሞ በምእመናን ገንዘብ የተገዛ ንብረት ያለ ሥራ ይቀመጣል።

የዚህ ትምህርት ዓላማ ሦስተኛ መንገድ ማመልከት ነው። ይኸውም ገመዱን ከማሽኑ ለይቶ፣ አንዱ ገመድ ለብዙ ማሽኖች እንዲያገለግል ማድረግ ነው።

ከባቡራችን የምንማረው

ድሬዳዋ የባቡር ልጅ ናት። በ1895 ዓ.ም. ከጅቡቲ የተነሣው ሐዲድ በደረሰበት ሥፍራ ተቆረቆረች፤ የባቡሩ የጥገና ጋራዥም ለብዙ ትውልድ የእጅ ሙያ ትምህርት ቤት ሆነላት። ባቡር በጥገና ረገድ ግልጽ ሥርዓት አለው። ፉርጎው ከሎኮሞቲቩ የሚፈታ በመሆኑ፣ አንድ ፉርጎ ሲበላሽ ተፈትቶ ይቀራል እንጂ ባቡሩ በሙሉ አይቆምም። ይህም የሆነው መያያዣው ሁሉ አንድ ዓይነት በመሆኑ ነው።

ሁለተኛውን ትምህርት የሚሰጠን የሁለቱ ሐዲዶች ስፋት ነው። የቀድሞው ሐዲድ ስፋት 1,000 ሚሊ ሜትር ሲሆን፣ በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው በኤሌክትሪክ የሚሠራው አዲሱ መስመር 1,435 ሚሊ ሜትር ነው። ስለዚህ የአንዱ ፉርጎ በሌላው ላይ ሊሄድ አይችልም። ለሥራ ክፍላችንም መመሪያው ይኸው ነው፦ መገናኘት የሚገባው ሁሉ በአንድ ዓይነት መያያዣ በቀላሉ ይገናኝ፤ መገናኘት የማይገባው ግን ሰው ቢሳሳት እንኳ መገናኘት የማይችል ይሁን።

የመያያዣው ምርጫ

በብዙዎች ዘንድ የታወቀው ተነቃይ ገመድ የዴስክቶፕ ኮምፒውተር ገመድ ነው። በዓለም አቀፉ ደረጃ ሲ-13 የሚባለው ይህ መያያዣ የተፈቀደለት ጭነት 10 አምፔር ነው። በአገራችን 220 ቮልት ሲሰላ 2,200 ዋት ይሆናል። ባለ 115 ሚሊ ሜትር ዲስክ ትንሽ ግራይንደር 900 ዋት ቢሆን 4 አምፔር ያህል ስለሚወስድ መያያዣው ይበቃዋል። ባለ 230 ሚሊ ሜትሩ ግን ብዙውን ጊዜ 2,000 ዋትና ከዚያ በላይ ስለሆነ ከጠርዙ ይደርሳል ወይም ያልፋል። በተጨማሪም ይህ መያያዣ መቆለፊያ የለውም። በሚንቀጠቀጥ ማሽን ላይ ቀስ በቀስ ይወጣል፤ በግማሽ የተያያዘ ስፒናም ይግላል፤ ይቀልጣልም። ስለዚህ ለቋሚ ማሽን፣ ማለትም በጠረጴዛ ላይ ለታሰረ ትንሽ መሞረጃ ወይም ለቋሚ መሰርሰሪያ ብቻ ይሁን።

በእጅ ለሚያዙ መሣሪያዎችና ለከባድ ማሽኖች የሚሻለው ሰማያዊው ባለ 16 አምፔር የኢንዱስትሪ ስፒና ነው። ክብ ነው፤ ሦስት እግር አለው፤ የሶኬቱ ክዳን ስፒናውን ይዞ እንዳይወጣ ያደርገዋል። በዚህ ደረጃ ሰማያዊ ከ200 እስከ 250 ቮልት፣ ቢጫ ደግሞ ከ100 እስከ 130 ቮልት መሆኑን ያመለክታል። የመሬት እግሩ በሁለቱ ላይ የተለያየ ቦታ ስለተሰጠው ቢጫው በሰማያዊው አይገባም። በሐዲዱ ስፋት ያየነው ጥበቃ በዚህ በትንሿ ስፒና ላይም ይገኛል።

በውጭ አገር ፌስቱልና ሚልዋኪ የተባሉ አምራቾች በመጠምዘዝ የሚቆለፍ ተነቃይ ገመድ በመሣሪያዎቻቸው ላይ ገጥመው ይሸጣሉ። አሳቡ ስለዚህ እንግዳ አይደለም። የእኛ ድርሻ በአቅማችን ተመሳሳዩን መሥራት ነው።

የአሠራሩ ቅደም ተከተል

ሥራውን የሚሠራው የሙያ ፈቃድ ያለው የኤሌክትሪክ ባለሙያ ይሁን። ኮሚቴው ግን የሚከተሉትን አውቆ ይቆጣጠር።

1. የማሽኑ ዋስትና ያላለቀ ከሆነ አይነካ። ያለቀ ከሆነ ደግሞ በስም ሰሌዳው ላይ ቮልቱና ዋቱ ተነቦ በመዝገብ ይጻፍ።

2. በእጅ የሚያዝ መሣሪያ አካሉ አይበሳ። በስም ሰሌዳው ላይ በካሬ ውስጥ ያለ ካሬ የታተመበት መሣሪያ ድርብ መከለያ ያለውና የመሬት ሽቦ የማያስፈልገው ነው። ለሶኬት ተብሎ አካሉ ቢበሳ ያ መከላከያ ይፈርሳል። ስለዚህ የራሱ ገመድ ከአንገቱ 40 ሳንቲ ሜትር ያህል ተትቶ ይቆረጥ፤ በዚህ አጭር ጭራ ጫፍ ላይ ሰማያዊው ስፒና ይታሰር። አንገቱ ላይ የተሰነጠቀ ከሆነ ግን መጀመሪያ ጭራው በሙሉ በአዲስ ይለወጥ።

3. አካሉ ብረት የሆነ ማሽን የመሬት ሽቦው ፈጽሞ አይተው። ቢጫና አረንጓዴ መስመር ያለበት ሽቦ ከመሬት እግሩ ጋር ይታሰር፤ ከሌሎቹም ሽቦዎች ትንሽ ይርዘም። ገመዱ በኃይል ቢጎተት በመጨረሻ የሚበጠሰው እርሱ እንዲሆን ነው። ቡናማው የኤሌክትሪክ፣ ሰማያዊው የመመለሻ ሽቦ ነው። በአሮጌ ማሽኖች ቀለሙ የተለየ ሊሆን ስለሚችል በቴስተር ይረጋገጥ።

4. ከግድግዳ የሚመጣው ገመድ ጫፍ ምንጊዜም ሴቴ፣ በማሽኑ ጭራ ላይ ያለው ወንዴ ይሁን። በሁለቱም ጫፍ ወንዴ ያለበት ገመድ አንዱ ጫፍ ሲሰካ ሌላው ጫፍ የተገለጠ ሞት ነው። በሥራ ክፍሉ ቢገኝ ወዲያውኑ ተቆራርጦ ይጣል።

5. የገመዱ ሽቦ ውፍረት 1.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ይሁን። 1 ካሬ ሚሊ ሜትር የሆነ 25 ሜትር ገመድ 10 አምፔር ሲያልፍበት 9 ቮልት ገደማ ያባክናል፤ ከቀድሞው ባለ 100 ዋት አምፖል ብዙም የማያንስ ሙቀትም በውስጡ ይፈጠራል። እንዲህ ያለው ገመድ ሳይተረተር እንደ ተጠመጠመ ከተሠራበት ሙቀቱ መውጫ አጥቶ ሽፋኑን ያቀልጠዋል።

6. በስተመጨረሻ ይፈተሽ። ብረት አካል ባለው ማሽን ከመሬት እግሩ እስከ አካሉ የሚለካው ከግማሽ ኦም በታች ይሁን። በ500 ቮልት የሽፋን መለኪያ ሲፈተሽ ደግሞ የመሬት ሽቦ ላለው ቢያንስ 1 ሜጋ ኦም፣ ድርብ መከለያ ላለው ቢያንስ 2 ሜጋ ኦም ይገኝ። የሥራ ክፍሉ መስመርም በ30 ሚሊ አምፔር ፍሳሽ የሚያቋርጥ ብሬከር ይኑረው።

በልግስና ስለሚመጡ መሣሪያዎች

በውጭ አገር የሚኖሩ ወንድሞችና እኅቶች የሚልኩልን መሣሪያ ልዩ ጥንቃቄ ይሻል። ከአሜሪካ የሚመጣው በ120 ቮልት የሚሠራ ነው፤ ከእንግሊዝ አገር የግንባታ ሥፍራዎች የሚመጣው ደግሞ በቢጫ ስፒና 110 ቮልት ሊሆን ይችላል። አንድ የዋህ ሠራተኛ ስፒናውን ቆርጦ የእኛን ቢያስርበት፣ በ220 ቮልት ሞተሩ በቅጽበት ይቃጠላል። ስለዚህ የእነዚህ ቢጫ ስፒና አይለወጥ፤ የአሜሪካውም በቢጫ ይተካ። ሁለቱም ቮልት በሚቀንስ ትራንስፎርመር ብቻ ይሥሩ።

ከእንግሊዝ በ230 ቮልት የሚሠራ መሣሪያም ይመጣል። በስፒናው ውስጥ ፊውዝ እንዳለ ይታወቅ። ስፒናው ሲቆረጥ ፊውዙ አብሮ ይሄዳል፤ ከዚያ በኋላ ገመዱን የሚጠብቀው የግድግዳው ብሬከር ብቻ ነው። ስለዚህ ቀጭን የነበረ ጭራ በወፍራም ይለወጥ።

የኮሚቴው ድርሻ

ስምንት ማሽኖች ያሉት የሥራ ክፍል በአንድ ጊዜ ከሦስት በላይ ካላሠራ፣ ሦስት ገመድና አንድ መጠባበቂያ ይበቃዋል። በስምንት ደካማ ገመዶች ፈንታ አራት ጠንካሮችን መግዛትና በየወሩ መመርመር ይቻላል። ገመዶቹ ቁጥር ተሰጥቷቸው በንብረት ክፍል ተቆልፈው ይቀመጡ። ገመድ የሌለው ማሽን ስለማይነሣ፣ በቅዳሴ ሰዓት ወይም በበዓል ቀን ሕፃናት ወደ ሥራ ክፍሉ ቢገቡ እንኳ ከአደጋ ይጠበቃሉ።

ከሁሉ የሚበልጠው ጥቅም ግን በሠራተኛው እጅ ላይ ነው። የግራይንደር ዲስክ ሲለወጥ መሣሪያው ከኤሌክትሪክ መለየት አለበት። ሶኬቱ በስምንት ሜትር ርቀት ከእንጨት ክምር ጀርባ ከሆነ፣ የቸኮለ ወጣት ማብሪያውን አጥፍቶ ብቻ ዲስኩን ይፈታል። በዚያ ቅጽበት ክንዱ ማብሪያውን ቢነካ ጣቱን ያጣል። መያያዣው በ40 ሳንቲ ሜትር ርቀት በእጁ ሥር ሲሆን ግን መንቀሉ ከመታከት ይልቅ ይቀላል። ይሁን እንጂ ማሽኑ በሚዞርበት ጊዜ መያያዣው አይነቀል፤ ቅድሚያ በማብሪያው ይጥፋ።

ለቤተ ክርስቲያን የተሰጠ ንብረት የአደራ ንብረት ነው። በዚያ ንብረት የሚሠራው ሰው ግን ከንብረቱ ይልቅ የከበረ አደራ ነው። ይህ ጥቂት ብሎንና ጥቂት ሜትር ገመድ የሚጠይቅ ሥራ ሁለቱንም አደራዎች ይጠብቃል።

ለኮሚቴ ውይይት

• በሥራ ክፍላችን ገመዳቸው ብቻ ተበላሽቶ የቆሙ ስንት መሣሪያዎች አሉ?
• በስም ሰሌዳቸው ላይ ከ220 እስከ 240 ቮልት ያልተጻፈባቸው የትኞቹ ናቸው? አሁን በምን ስፒና ላይ ይገኛሉ?
• የግድግዳ ሶኬቶቻችን የመሬት ሽቦ በእርግጥ አላቸው? በማን፣ መቼ ተፈተሹ?
• ገመዶቹን የሚረከበው፣ በየወሩ የሚመረምረውና የተጎዳውን «አይሠራበትም» ብሎ የሚያነሣው ማን ይሁን?