ልጅ ሲታመም ወላጅ አይወቀስም

ለማስተማር ወደ ገጠር በመጣን ጊዜ አንድ ወጣት በሰንሰለት ታስሮ አየን። ተቆጣንና እናቱን «ለምን ያስሩታል?» አልናቸው። እሳቸውም «ልጆቼ፣ ባላስረው ገደል ይገባብኛል። ሌላ ዘዴ ካላችሁ ንገሩኝ» አሉን። መልስ አጣን። ይህን ትምህርት የጻፍነው ስለዚህ ነው።

ሐኪሞች ይህን በሽታ ስኪዞፍሬኒያ ይሉታል። ብዙ ጊዜ የሚጀምረው በጉርምስና መጨረሻና በሃያዎቹ ዕድሜ ነው። ታማሚው ሌላው የማይሰማውን ድምፅ ይሰማል። «ሊገድሉኝ ነው» ይላል። እንቅልፍ ያጣል፤ ሥራ ይተዋል። በሽታው በዓለም ላይ ከ300 ሰው አንዱን ያህል ይይዛል። ድኻና ሀብታም፣ ጥቁርና ነጭ አይለይም። የወላጅ ኑሮ ግን በየአገሩ ይለያያል። እስቲ እንመልከት።

በአሜሪካ ወላጅ ይወቀስ ነበር። በ1948 በፈረንጅ አቆጣጠር ፍሪዳ ፍሮም ራይክማን የተባሉ የታወቁ ሐኪም፣ የእናት ጠባይ ልጅን ለዚህ በሽታ እንደሚዳርግ ጻፉ። ብዙ ሐኪሞችም አመኗቸው። በልጇ ሕመም ያዘነች እናት «ጥፋቱ የአንቺ ነው» ተባለች። ኋላ ጥናት ሲደረግ አባባሉ ስሕተት ሆኖ ተገኘ። በ1979 ወላጆች በዊስኮንሲን ክፍለ ግዛት፣ በማዲሰን ከተማ ተሰብስበው አገር አቀፍ ማኅበር አቋቋሙ። ሀፍረታቸውን ትተው እርስ በርስ መረዳዳት ጀመሩ።

በናይጄሪያ ደግሞ ወላጅ የሐኪም ረዳት ሆነ። በ1954 ዶክተር ቶማስ ላምቦ በአቤኦኩታ ከተማ አጠገብ አዲስ አሠራር ጀመሩ። ታማሚው ከዘመዱ ጋር መጥቶ በአካባቢው ገበሬዎች ቤት ይከራያል። ቀን ይታከማል፤ ሲመሽ ወደ መንደሩ ይመለሳል። ዘመዱ ያበስልለታል፣ ያጥብለታል። ታማሚው ከሰው አልተለየም፤ ዘመዱም ስለ በሽታው ተማረ።

በእኛስ አገር? በቡታጅራ አካባቢ ታማሚ ያለባቸው ቤተሰቦች ተጠይቀው ነበር። ውጤቱ በ2001 በፈረንጅ አቆጣጠር ወጣ። ከአራቱ ሦስቱ ያህል መገለል ወይም ሀፍረት ደርሶብናል ብለዋል። ጎረቤት «እርግማን ነው፣ የዘር ነው» ሲል ወላጅ ልጁን ይደብቃል። የተደበቀ ልጅ ደግሞ ሕክምና አያገኝም። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይባል የለ!

እንግዲህ ከአሜሪካ እናት እስከ እኛ አገር እናት ያለው ችግር ተመሳሳይ ነው። ወቀሳ ነው። ወላጅ በሽታውን አላመጣውም። ይሁን እንጂ በቤት ውስጥ ቁጣና ነቀፌታ ሲበዛ የተሻለው ታማሚ እንደገና ሊያገረሽበት እንደሚችል በእንግሊዝ አገር የተደረጉ ጥናቶች አሳይተዋል። ስለዚህ ታማሚውን በለዘብታ መያዝ ይጠቅማል።

ታዲያ ምን እናድርግ?

አንደኛ፣ ታማሚውን ቶሎ ወደ ጤና ጣቢያ እንውሰድ። መድኃኒቱ በሽታውን ከሥሩ ባይነቅለውም ድምፁንና ፍርሃቱን ያበርዳል። «ተሻለኝ» ብሎ ማቋረጥ ግን ያገረሻል። ጸበል የሚሄድም መድኃኒቱን ሳይተው ይሂድ።

ሁለተኛ፣ ሰንሰለት ቁስል ያመጣል እንጂ አያድንም። ሲሻለው የሚችለውን ሥራ እንስጠው፤ ውኃ ይቅዳ፣ ከብት ይጠብቅ።

ሦስተኛ፣ ወላጅን ብቻውን አንተው። የጎረቤት ሰው አረም ሲያርምለት፣ ወይም ቀኑን ልጁን ሲጠብቅለት፣ ወላጅ ወደ ጤና ጣቢያ ለመሄድ ፋታ ያገኛል።

የዚያች እናት ሰንሰለት የጭካኔ አልነበረም። ረዳት በማጣት የመጣ ነበር። ረዳት መሆን ደግሞ የሁላችንም ፈንታ ነው።

ጥያቄዎች
1. የአሜሪካ እናቶች ለምን ተወቀሱ?
2. በናይጄሪያ ዘመድ ምን ይሠራ ነበር?
3. በቀበሌያችሁ እንዲህ ያለ ቤተሰብ አለ? ነገ ምን ልትረዱት ትችላላችሁ? ተወያዩበት።